ድምፁ ይሰማል፣ ምስሉ የለም፦ የቪዲዮ ኮዴክ ችግርን ደረጃ በደረጃ መፍቻ

ፍላሹ ተሰክቷል፣ የሠርጉ ቪዲዮ ተከፍቷል፣ ዘፈኑ ይሰማል፤ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው። ወይም ምስሉ ጥርት ብሎ እየሄደ ድምፅ የለም። በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው «ኮዴክ» (ምስልንና ድምፅን አጥብቆ የሚያሽግና መልሶ የሚፈታ ፕሮግራም) ብሎ ይፈልግና መጀመሪያ ያገኘውን ይጭናል። ካልሠራ ሌላ ይደርብበታል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ትናንት በደንብ ይከፈቱ የነበሩ ቪዲዮዎችም እምቢ ይላሉ።

ችግሩ ያለው ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ኮዴክ መጫን ከመጨረሻዎቹ ሥራዎች አንዱ ነው። መጀመሪያ ፋይሉ ውስጥ ያለው ነገር ይታወቃል፤ ቀጥሎ እርስ በርሱ የሚጋጨው ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ አንድ፣ አንድ ብቻ ይገባል። መመሪያው ለዊንዶውስ 10 እና 11 ነው፤ ስለ ስልክና ቴሌቪዥን መጨረሻ ላይ አለ።

ቀድማችሁ ማወቅ ያለባችሁ

በፋይሉ ስም መጨረሻ የሚታየው ኤምፒ4፣ ኤምኬቪ ወይም ኤቪአይ ጆንያው ነው። ጆንያውን አይቶ ውስጡ ማሽላ ይሁን ቡና ማወቅ አይቻልም። በአንድ ፋይል ውስጥ ምስሉ በአንድ ኮዴክ፣ ድምፁ በሌላ ኮዴክ ታሽጎ ይቀመጣል። ስለዚህ ከሁለት ኤምፒ4 ፋይሎች አንዱ ተከፍቶ ሌላው ሊቀር ይችላል። የስሙን መጨረሻ ከኤምኬቪ ወደ ኤምፒ4 መቀየርም ምንም አይፈታም፤ ውስጡ ያው ነው።

ዝግጅት

1. ቪዲዮውን ከፍላሹ ወይም ከሜሞሪ ካርዱ ወደ ኮምፒውተሩ ኮፒ አድርጉ። ሁሉንም ሥራ በኮፒው ላይ ሥሩ። ዋናውን አትንኩ፣ አታጥፉ፤ በተለይ ሁለተኛ የማይቀረጽ ከሆነ፦ ሠርግ፣ ምርቃት፣ የቤተሰብ ቪዲዮ።

2. የፋይል ስም መጨረሻ እንዲታይ አድርጉ። በዊንዶውስ 11 ፎልደር ከፍታችሁ «ቪው»፣ ቀጥሎ «ሾው»፣ ቀጥሎ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ» ምረጡ፤ በዊንዶውስ 10 እዚያው «ቪው» ውስጥ አለ። ቪዲዮ ነው የተባለው ነገር በኢኤክስኢ ካለቀ ወይም ሾርትከት ከሆነ ቫይረስ ነው ብላችሁ ተነሡ። አትክፈቱት፤ መጀመሪያ ፍላሹን በአንቲቫይረስ አስፈትሹ።

3. ላፕቶፑን ቻርጅ አድርጉ። ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ ላይ ሰኩት። ፋይል እየተገለበጠ ወይም ፕሮግራም እየወጣ መብራት ቢጠፋ አዲስ ችግር ይጨመራል።

4. አራት ፕሮግራሞችን አዘጋጁ፦ ቪኤልሲ (ማጫወቻ)፣ ሚዲያኢንፎ (ፋይሉ ውስጥ ያለውን የሚያነብ)፣ ኬ-ላይት ኮዴክ ፓክ «ስታንዳርድ» (የኮዴክ ጥቅል) እና ሃንድብሬክ (ቪዲዮ መቀየሪያ)። ሁሉም ነፃ ናቸው። አሁን አትጫኗቸው፤ አውርዳችሁ ብቻ አስቀምጡ። የምታወርዱት ከየፕሮግራሙ ባለቤት ድረ ገጽ ይሁን።

ማስጠንቀቂያ፦ ኢንተርኔት ላይ ቪዲዮ ልታዩ ስትሉ «ይህን ለማየት ኮዴክ ያውርዱ» የሚል ሳጥን ብቅ ካለ ዝጉት። ብራውዘር የራሱ ኮዴክ ስላለው እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቅም። ይህ ከ20 ዓመት በፊት የተጀመረና ዛሬም የሚሠራበት የቫይረስ ማስገቢያ ዘዴ ነው።

ደረጃ 1፦ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለዩ

ቪኤልሲን ጫኑና ቪዲዮውን በእሱ ክፈቱ። ቪኤልሲ የዊንዶውስን ኮዴክ አይጠቀምም፤ የሚያስፈልገውን ይዞ ስለሚመጣ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ግጭት አይነካውም። ጥሩ መፈተኛ የሚያደርገውም ይህ ነው።

• በቪኤልሲ በደንብ ከሄደ ፋይሉ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ የዊንዶውስ ኮዴክ ነው። የምትፈልጉት ማየት ብቻ ከሆነ ሥራችሁ እዚህ ላይ አለቀ። ፋይሉ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉ፣ «ኦፕን ዊዝ» ውስጥ ቪኤልሲን ምረጡና ሁልጊዜ በእሱ እንዲከፈት እዘዙ። ብዙ ሰው ከዚህ ማለፍ አያስፈልገውም።

• ከተከፈተ በኋላ የሚንተባተብ ከሆነ ወይም አረንጓዴና ሮዝ ቀለም ከረጨ ወደ ደረጃ 5 ሂዱ።

• ሁልጊዜ በአንድ ቦታ ላይ የሚቆም ከሆነ ወይም ጨርሶ ካልተከፈተ ፋይሉ ተጎድቷል፤ ወደ ደረጃ 6 ሂዱ። ኮዴክ ብትጭኑ ዋጋ የለውም።

• ቪኤልሲ ላይ ጥሩ ሆኖ ሌላ ፕሮግራም ውስጥ የግድ መሥራት ካለበት፣ ለምሳሌ ለኤዲቲንግ ወይም ለፕሮጀክተር ማቅረቢያ፣ ቀጥሉ።

ደረጃ 2፦ ፋይሉ ውስጥ ያለውን አንብቡ

ሚዲያኢንፎን ክፈቱ፣ ፋይሉን ጎትታችሁ ጣሉበት፣ «ቪው» ውስጥ «ቴክስት» የሚለውን ምረጡ። ቪኤልሲ ላይ ኮንትሮልና ጄን አብራችሁ ብትጫኑም አጠር ያለ መረጃ ታያላችሁ። ሦስት ነገር በወረቀት ጻፉ፦ የምስሉን ፎርማት፣ የምስሉን «ቢት ዴፕዝ» (8 ወይም 10 ቢት የሚለውን)፣ የድምፁን ፎርማት።

የምስሉ ፎርማት ኤቪሲ ከሆነ ኤች.264 ማለት ነው፤ 8 ቢት እስከሆነ ድረስ የትም ይሠራል፣ እሱ እምቢ ካለ ግጭት አለ ብላችሁ ጠርጥሩ። ሄቪሲ ከሆነ ኤች.265 ነው፤ «ድምፅ አለ ምስል የለም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ኤቪ1 አዲስ ነው፤ የቆየ ኮምፒውተር ይከብደዋል። «ኤምፔግ-4 ቪዡዋል» የሚል ካያችሁ የድሮው ዲቪኤክስ ወይም ኤክስቪድ ነው።

ድምፁ ኤኤሲ ወይም ኤምፒ3 ከሆነ ችግር የለም። ኤሲ-3፣ ኢ-ኤሲ-3 ወይም ዲቲኤስ ከሆነ «ምስል አለ ድምፅ የለም» ለሚለው መልሱን አገኛችሁ።

10 ቢት የሚል ካያችሁ አስምሩበት። ደረጃ 5 ላይ ያስፈልጋል።

ደረጃ 3፦ የሚጋጩትን አውጡ

ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው፤ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ ሥሩት።

የቆየው የዊንዶውስ አሠራር ለእያንዳንዱ ኮዴክ የቅድሚያ ቁጥር ይሰጠዋል። ቪዲዮ ሲከፈት ቁጥሩ ከፍ ያለው ቀድሞ ይጠራል። እያንዳንዱ የኮዴክ ጥቅል ሲጫን ደግሞ የራሱን ቁጥር ከሌሎቹ በላይ ለማድረግ ይሞክራል። ሁለት ሦስት ጥቅል ሲደረብ አንዱ ጆንያውን ይከፍታል፣ ሌላው ምስሉን ይቀማል፣ ሦስተኛው ድምፁን ይይዛል። የተጠራው ያረጀው ከሆነ አዲሱ ኮምፒውተሩ ውስጥ እያለም ቪዲዮው አይከፈትም። ሌላ መጨመር ነገሩን የሚያባብሰውም ለዚህ ነው።

የግጭት ምልክቶች፦ የትርጉም ጽሑፉ ሁለት ጊዜ ተደራርቦ ይታያል፤ ምስሉ ተገልብጦ ይመጣል፤ ማጫወቻው እንደተከፈተ ይዘጋል፤ ቪዲዮ ያለበትን ፎልደር መክፈት ብቻውን ኮምፒውተሩን ያደርቀዋል። የመጨረሻው የሚሆነው ዊንዶውስ ፎልደሩ ውስጥ ለሚያሳያቸው ትንንሽ ምስሎች ያንኑ ብልሹ ኮዴክ ስለሚጠራ ነው።

1. ሁሉንም የቪዲዮ ፕሮግራሞች ዝጉ።

2. ስታርት ላይ «ክሬት ኤ ሪስቶር ፖይንት» ብላችሁ ፈልጉና ክፈቱ። ለሲ ድራይቭ መከላከያው ከጠፋ አብሩት፣ «ክሬት» ተጫኑ፣ ስም ስጡት። አንድ ነገር ቢበላሽ መመለሻችሁ ይህ ነው።

3. «ኮንትሮል ፓነል» ውስጥ «ፕሮግራምስ ኤንድ ፊቸርስ» ክፈቱ። ዝርዝሩን በተጫኑበት ቀን ደርድሩት፤ በአንድ ቀን ተከታትለው የገቡ ብዙ ኮዴኮች ካያችሁ ችግሩ የጀመረው ያን ቀን ነው።

4. እነዚህን ፈልጉ፦ ኤፍኤፍዲሾው፣ ሲሲሲፒ፣ ሻርክ007፣ ሃሊ ሚዲያ ስፕሊተር፣ ኤሲ3ፊልተር፣ ዲቪኤክስ፣ ኤክስቪድ፣ የቆየ ኬ-ላይት፣ እና ስሙ ውስጥ «ኮዴክ ፓክ» የሚል ማንኛውም ነገር። ከእነዚህ አንዳንዶቹ መሻሻላቸው ከቆመ ዓመታት አልፈዋል።

5. አንድ በአንድ አንኢንስቶል አድርጉ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ አትጀምሩ። ሪስታርት ሲጠይቅ ሪስታርት አድርጉ፤ «በኋላ» አትበሉ።

6. እነዚህን አትንኩ፦ የግራፊክስ ድራይቨር፣ «ማይክሮሶፍት ቪዡዋል ሲ ፕላስ ፕላስ» የሚሉትን በሙሉ፣ ከማይክሮሶፍት ስቶር የገቡ የቪዲዮ ኤክስቴንሽኖችን። ኤዲቲንግ የምትሠሩ ከሆነ የኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ይዞ የመጣውንም ተዉት።

አልወጣም ካለ፦ ማውጫው ፋይል ተበላሽቷል ማለት ነው። የዚያኑ ጥቅል ያንኑ ቨርሽን እላዩ ላይ እንደገና ጫኑት፣ ከዚያ አውጡት። ፎልደሩን በእጅ መሰረዝ አያዋጣም፤ ዊንዶውስ ውስጥ የተመዘገበው ስም ይቀርና የሌለ ፋይል ሲፈልግ ይደርቃል።

ደረጃ 4፦ አንድ ብቻ ጫኑ

ሪስታርት ካደረጋችሁ በኋላ ቪዲዮውን እንደገና ሞክሩ። ግጭት ብቻ ከነበረ አሁን ይከፈታል፤ ሌላ ነገር አትጨምሩ።

ካልተከፈተ መጀመሪያ የዊንዶውሱን ዓይነት እዩ። «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «አባውት» ውስጥ የኤዲሽኑ ስም በ«ኤን» ፊደል ካለቀ ሚዲያ ሳይኖረው የወጣ ዊንዶውስ ነው። «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ውስጥ «ሚዲያ ፊቸር ፓክ» የሚለውን ጨምሩና ሪስታርት አድርጉ። ይህ ሳይሠራ የሚጫን ኮዴክ በከንቱ ሊቀር ይችላል።

ከዚያ ሁለት መንገድ አለ። የዊንዶውሱ «ሚዲያ ፕሌየር» ሄቪሲን እንዲከፍት ከፈለጋችሁ ከማይክሮሶፍት ስቶር «ሄቪሲ ቪዲዮ ኤክስቴንሽንስ» ያስፈልጋል፤ ዋጋው 0.99 ዶላር ነው፣ በዶላር የሚከፍል ካርድ ይጠይቃል። የኤቪ1 ኤክስቴንሽን ግን ነፃ ነው።

ካርድ ለሌለው ኬ-ላይት «ስታንዳርድ» ይበቃል። «ሜጋ» የሚባለው ትልቁ ለማየት ብቻ አያስፈልግም። ስትጭኑ እያንዳንዱን ገጽ አንብቡ። የቆየ ወይም የተበላሸ ኮዴክ አግኝቻለሁ ካለ እንዲያስወግደው ፍቀዱ። ሌላውን ባለበት ተዉትና ሪስታርት አድርጉ። አብሮት «ኤምፒሲ-ኤችሲ» የሚባል ማጫወቻ ይገባል፤ ቪዲዮውን በእሱ ክፈቱ። ኬ-ላይት የስቶር ማጫወቻዎችን አይረዳም፤ የዊንዶውስ 11 አዲሱ «ሚዲያ ፕሌየር» ሌላ ዘዴ ስለሚጠቀም የገባውን ኮዴክ አያየውም። «ጭኜዋለሁ ግን አልሠራም» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ሌላም አለ፦ 64 ቢት ፕሮግራም 32 ቢት ኮዴክ መጠቀም አይችልም። በአንዱ ፕሮግራም ተከፍቶ በሌላው የሚቀር ቪዲዮ ካለ ይህን አስታውሱ።

ደረጃ 5፦ የሚንተባተብ ወይም ቀለም የሚረጭ ምስል

አረንጓዴ፣ ሮዝ ወይም የተከታተፈ ምስል ካያችሁ በቪኤልሲ «ቱልስ»፣ «ፕሪፈረንስስ»፣ «ኢንፑት/ኮዴክስ» ውስጥ ሃርድዌር የሚለውን መፍቻ «ዲስኤብል» አድርጉ፤ ቪኤልሲን ዘግታችሁ ክፈቱ። ከተስተካከለ ጥፋቱ የግራፊክስ ድራይቨሩ ነው። ትክክለኛውን ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ አውርዱና ከጫናችሁ በኋላ ያጠፋችሁትን መልሱ።

ለሚንተባተበው ግን ተቃራኒው ነው የሚሠራው፤ ያው መፍቻ «አውቶማቲክ» ላይ መሆን አለበት። ከሆነም እየተንተባተበ ከቀጠለ ፕሮሰሰሩን እዩ። ኢንቴል ከሆነ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቁጥር ትውልዱን ይነግራል፦ 5200 5ኛ፣ 8250 8ኛ፣ 1135 11ኛ ነው። 8 ቢት ሄቪሲ ያለ ጭንቀት የሚፈታው ከ6ኛ ትውልድ ጀምሮ ነው፤ 10 ቢት ከ7ኛ፤ ኤቪ1 ከ11ኛ። ኮምፒውተሩ ከዚህ በታች ከሆነ የተሻለ ኮዴክ ፍለጋ አትድከሙ፤ ወደ ደረጃ 7 ሂዱ።

እንደ ድሬዳዋ ባለ ሞቃት ቦታ ያለ ሰው ሌላም ነገር ይመርምር። ቪዲዮው በጥሩ ሁኔታ ጀምሮ ከ15 ወይም 20 ደቂቃ በኋላ መንተባተብ ከጀመረ ኮዴክ ሳይሆን ሙቀት ነው። ላፕቶፕ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። በግንቦትና ሰኔ ሙቀት፣ ፍራሽ ላይ የተቀመጠና ማራገቢያው በአቧራ የተደፈነ ላፕቶፕ ይህን ማድረጉ አይቀርም። ጠንካራ ነገር ላይ አስቀምጡት፣ ከኋላው ከፍ አድርጉት፣ አቧራውን አስጠርጉ። ሐረር ከፍታ ላይ ስላለችና አየሯ ቀዝቀዝ ስለሚል ያው ላፕቶፕ እዚያ ያለ ችግር ሊሠራ ይችላል፤ ስለዚህ «ሐረር እያለሁ ይሠራ ነበር» ማለት ፋይሉ ተበላሸ ማለት አይደለም።

ደረጃ 6፦ ፋይሉ ራሱ ከተጎዳ

1. የዋናውንና የኮፒውን መጠን አወዳድሩ። በባይት እኩል ካልሆኑ ኮፒው ተቋርጧል፤ እንደገና ገልብጡ፣ ሲያልቅ «ኢጀክት» ሳትሉ ፍላሹን አትንቀሉ። በቴሌግራም የመጣ ከሆነ እስከ መጨረሻው መውረዱን አረጋግጡ።

2. ፍላሹ አልቀበልም ካለ ወይም ትልቅ ፋይል 4 ጊጋባይት ላይ ከቆመ ፍላሹ ፋት32 (ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል የማይቀበል የፍላሽ አደረጃጀት) ነው። ውስጡን ወደ ሌላ ቦታ አውጥታችሁ ኤክስፋት አድርጋችሁ ፎርማት አድርጉ። ፎርማት ያለውን ሁሉ ይሰርዛል። የቆየ ቴሌቪዥን ኤክስፋትን ላያነብ ስለሚችል አስቀድማችሁ በሌላ ፍላሽ ሞክሩ።

3. ፍላሹ አዲስና ዋጋው ከመጠኑ ጋር የማይመጣጠን ርካሽ ከሆነ ይፈተሽ። 1 ቴራባይት ተብሎ እውነተኛ ይዞታው 32 ጊጋባይት የሆነ ፍላሽ ገበያ ላይ አለ። ፋይሉ የተገለበጠ ይመስላል፣ መጠኑም ትክክል ይታያል፤ ውስጡ ግን ባዶ ነው። «ኤች2ቴስትደብልዩ» የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ባዶ ፍላሽ ላይ እስኪሞላ ጽፎ መልሶ ያነባል፤ ሐሰተኛ ከሆነ ይነግራችኋል። ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያም ሆነ ከሌላ ቦታ ፍላሽ ስትገዙ ሻጩ የመመለስ ዕድል እንዲሰጣችሁ ተስማሙና በዚያው ቀን ፈትሹ።

4. ካሜራው እየቀረጸ ባትሪ ካለቀበት ኤምፒ4 ፋይሉ መጨረሻ ላይ የሚጻፈው ማውጫ ይጎድለዋል። ትልቅ መጠን ኖሮት ርዝመቱ 0 የሚያሳየው ይሄ ነው። የሚጠግኑ ፕሮግራሞች አሉ፤ በዚያው ካሜራ፣ በዚያው ሴቲንግ የተቀረጸ ጤነኛ ቪዲዮ ግን ይጠይቃሉ። ስለዚህ ካርዱ ላይ ሌላ ነገር አትቅረጹ፣ ሌሎቹን ቪዲዮዎችም አታጥፉ።

ደረጃ 7፦ መቀየር

የጎደለው ድምፅ ብቻ ከሆነ ምስሉን አትንኩት። አቪዴሙክስ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም አውርዱ፤ የቪዲዮውን ክፍል «ኮፒ»፣ ድምፁን «ኤኤሲ» አድርጋችሁ አስቀምጡ። በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፣ የምስሉ ጥራት አይቀንስም።

ምስሉ መቀየር ካለበት ሃንድብሬክ፦

1. «ፋስት 1080ፒ30» የሚለውን ምረጡ።
2. «ቪዲዮ» ውስጥ ኢንኮደሩን ኤች.264፣ ኤክስ264 አድርጉ። ከጎኑ 10 ቢት የሚል ካለው አይደለም።
3. የጥራት ቁጥሩን ከ20 እስከ 22 አድርጉ። ቁጥሩ ሲያንስ ጥራቱም የፋይሉም መጠን ይጨምራል።
4. «ፍሬምሬት» ላይ «ኮንስታንት» ምረጡ። በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ፍጥነቱ ስለሚዋዥቅ ይህን ካልመረጣችሁ ኤዲቲንግ ላይ ድምፁ ከከንፈር ይለያል።
5. ድምፁን ኤኤሲ፣ ስቴሪዮ አድርጉ።
6. መጀመሪያ አንድ ደቂቃ ብቻ ቀይሩና በሚታይበት መሣሪያ ሞክሩት። ከሠራ ሙሉውን ጀምሩ።

የሁለት ሰዓት ቪዲዮ በቆየ ላፕቶፕ ሰዓታት ይወስዳል፤ ማታ ቀዝቀዝ ሲል፣ ቻርጀር ላይ ሆኖ ይሠራ። አዲሱን በሌላ ፎልደር አስቀምጡ፣ ዋናውን አትሰርዙ።

ስልክና ቴሌቪዥን

አንድሮይድ ላይ ኤምኤክስ ፕሌየር «የድምፅ ፎርማቱ አይደገፍም» ካለ ፋይሉ ጤነኛ ነው፤ ኤሲ-3 ወይም ዲቲኤስ ስለሆነ ነው። ቪኤልሲን ስልኩ ላይ ጫኑ፣ ይከፍተዋል።

ውጭ አገር ያለ ዘመድ ከአይፎን የሚልከው ቪዲዮ የማይከፈት ከሆነ ሄቪሲ ነው። «ሴቲንግስ»፣ «ካሜራ»፣ «ፎርማትስ» ገብቶ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ይምረጥላችሁ። ከዚያ በኋላ የሚቀርጸው ኤች.264 ይሆናል፤ የቀድሞዎቹ ግን አይቀየሩም።

ቴሌቪዥን ላይ ኮዴክ አይጫንም። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. ከ2018 ሞዴሎቹ ጀምሮ ዲቲኤስን ስላስወጣ ምስል እየታየ ድምፅ ከጠፋ ድምፁን ብቻ ወደ ኤኤሲ ወይም ኤሲ-3 ቀይሩ።

ሠርግ የምታስቀርጹ ደግሞ ቀሪውን ክፍያ ከመፈጸማችሁ በፊት ቪዲዮ ቤቱን ይህን ጠይቁ፦ «ኤምፒ4፣ ኤች.264፣ 8 ቢት፣ ድምፁ ኤኤሲ ሆኖ ይሰጠን።» ከድሬዳዋው ሳቢያን እስከ ሐረሩ ጀጎል ባለ ማንኛውም ቴሌቪዥንና ስልክ ላይ ለመታየት የተሻለው ምርጫ ይህ ነው። የተቀረጸበትን ዋናውን ፋይልም በተጨማሪ ውሰዱ።

ሁሉንም ሠርታችሁ እምቢ ካለ ኮምፒውተሩንና ቪዲዮውን ይዛችሁ ወደ ባለሙያ ሂዱ። ደረጃ 2 ላይ የጻፋችሁትን ወረቀትና ያወጣችኋቸውን ፕሮግራሞች ስም አሳዩ። «ዊንዶውሱ ፎርማት ይደረግ» ከተባላችሁ፣ ቪዲዮው በቪኤልሲ የሚከፈት ከሆነ አትስማሙ።